ትከሻው ላይ ያለች እጅ

የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የዛገ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን የሸሸገ፣
በማንኪያ ጀርባ ነው የከፈትኩት ዛሬ፤
ጠረኑ እስካሁንም የናቴ በርበሬ።
በፍተሻው ዘመን ቋት ውስጥ ቀብራው ነበር፣
ፈታሹ አስነጥሶ እንዲመለስ ከበር።

አንደኛዋ ፎቶ፦ ፒያሳ፣ ፎቶ ቤት፤
ከደንቢያ የወጣ የሃያ ዓመት ጉልበት፣
የውሰት ኮት ለብሶ፣ እጅጌው ጣት ውጦበት።
የነገሥታቱ ግንብ ቆሞ ከደጁ ሥር፣
ፎቶ አንሺው ዘርግቷል የሸራ ላይ ባሕር፤
መርከብ ከነጭሱ ከትከሻው ወጥቶ፣
አባቴ ይኮራል፣ ባሕር ሳያይ ከቶ።
ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፦ «ይሁን ለማስታወስ።
ሱሪው የራሴ ነው፤ ኮቱ ግን የአስረስ።»

ሁለተኛዋ አዘዞ፦ ካምፑ ከነአቧራው፣
ትከሻው ላይ ኮከብ፣ ካርታ በግራው።
ከመንደሩ ወጥቶ መኮንን የሆነ
ከእርሱ በፊት የለም፤ አያቴ አዘነ፦
«በሬ ጠማጅ ልጄን መንግሥት ጠመደብኝ፤
እርፉን ማን ይይዛል? ሞፈሩ ቀረብኝ።»

ሦስተኛዋ ጎዶሎ፤ መቀስ አልፎባታል፣
አባቴ ዘወር ብሎ ለባዶ ይስቃል፤
ትከሻው ላይ አለች፣ ባለቤት የሌላት፣
ሰዓት ያሰረች እጅ፣ ክንድ እንኳ ያልቀረላት።

እናቴን ጠየቅኳት።
ቃሪያ እየሰነጠቀች፣ ቀና ሳትል፦
«ስሙ በሬዲዮ የተነበበ ማታ
እናንተን አስተኝቼ መቀስ አነሣሁ።
ፊቱን ቆርጬ እሳት ውስጥ ከተትኩት።
እጁን ግን አልቻልኩም።
ያ እጅ ለሠርጌ ድንኳን ተክሏል።»

ከዚያ ቆላ ወርዷል፦ መተማ፣ ሽንፋ ዳር፤
ማዕረጉን ሰቅሎ ከግድግዳ ምስማር፣
ትራክተሩ ላይ ነው።
(ቀይ ነበር። ፎቶው ይዋሻል፤ አመድ አድርጎታል።)
ኢድሪስ፣ ሾፌሩ፣ ከጎማው ሥር ቆሞ፣
የመንደር ሕፃን ሁሉ ሞተሩ ላይ ታድሞ፣
አንድ ሽማግሌ ገለባ በእቅፋቸው፣
ለብረቱ በሬ ራት ያመጡ ናቸው።
ያን ዱር በሰልፍ እርምጃ ለካው ይላሉ፦
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እስከ ወንዙ።
ሦስት ጊዜ ንዳድ ጥሎት በቃሬዛ ወጣ፣
ሦስቴም «ምሽጌ ነው» ብሎ ተመልሶ መጣ።
በሚቀጥለው ፎቶ ሰሊጡ ታጭዷል፤
ሂላው በመስመር ቆሟል፣ እንደ ጦር ድንኳን፤
ውትድርናው አልለቀቀው በአጨዳው እንኳን።

ቀጥሎ ወረቀት፣ ባዶ፤ አራት የሙጫ ጠብታ።
ስድሳ ሰባት። እርሻው የመንግሥት የሆነ ለታ
ማን ፎቶ ያነሣል?
ቁልፉን ሲያስረክብ፣ አሉ፣ ለኢድሪስ ያለው ይህን ብቻ ነው፦
«ዘይቱን ለካ።»

የቀበሌ መታወቂያ፣ ልደታ ሰፈር።
ሐምራዊው ማኅተም ግንባሩን ቆርሶታል።
ስም፦ ቢያድግልኝ አየሁ።
ሥራ፦ ገበሬ።
ያኔ መሬት ከተባለ የነበረው ከጓሮ
ሦስት መደብ ጎመን ነው፣ በገመድ ተሠምሮ።
በየማለዳው ይወጣል፣ ሰልፍ እንደሚጎበኝ፤
አንድ ቅጠል ቢጎድል «ማነው?» ብሎ ይጠይቀኝ።

የመጨረሻዋን፣ ሰው የለባትም ብዬ ላልፋት ነበር፦
ያበበ ሰሊጥ ብቻ፣ የማታ ፀሐይ፣ አፈር።
ግን መሬቱ ላይ ረዝመው ሁለት ጥላ ተኝተዋል፦
አንዱ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ክርኖቹን ለካሜራ አንሥቷል፤
ሌላው እጁን ዘርግቶ
ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።
መቀሱ አላየውም።

ክዳኑን ስገጥም በርበሬው አስነጠሰኝ።
«ይማር» አለች እናቴ ከጓዳ።
ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።